እየፈሩ የሄዱት ወይዘሮ ሉጥፊያ ከቢር
(1964–2018 ዓ.ም.)

ዛሬ እዚህ ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ተሰብስበን ዱዓ የምናደርግላቸው ወይዘሮ ሉጥፊያ ከቢር በ1964 ዓ.ም. በወሎ፣ ከሐርቡ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር፣ ከአባታቸው ከሼህ ከቢር አሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሪማ ሀሰን ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን ያስተምሩ ነበር። እናታቸው ደግሞ በአካባቢው ሴት በሞተች ቁጥር የሚጠሩ፣ ገላዋን አጥበውና ከፍነው ለቀብር የሚያደርሱ ሴት ነበሩ።

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ላይ አንዲት የጎረቤት ምራት በወሊድ ሞተች። እናታቸው ረዳት ስላጡ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸውን ሉጥፊያን ውሃ እንዲያቀብሉ ይዘዋቸው ገቡ። ትጥበቱ እንደተጀመረ የሟቿ ክንድ ከሳንቃው ላይ ተንሸራትቶ የሕፃኗን ጉልበት ነካ። ሉጥፊያ የያዙትን ጣሳ ጥለው ሮጡ። ሦስት ቀን አተኮሳቸው። ከዚያ በኋላ በመቃብሩ በኩል የሚያልፈውን አቋራጭ ትተው፣ ዳገቱን እየዞሩ ትምህርት ቤት ይመላለሱ ጀመር። ኩራዝ ጠፍቶ መተኛትም አልቻሉም።

እናታቸው ዳግመኛ አላስገደዷቸውም። ነገር ግን ጥጥ እየፈተሉ በቃል ያስተምሯቸው ነበር፤ ከቀኝ መጀመርን፣ ሟቿ በሕይወት ሳለች የምትሸፍነውን መሸፈንን፣ ውሃውን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ማፍሰስን፣ ጠጉሯን በሦስት መጎንጎንን፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር የተባለውን ሽቶ መጨመርን። አባታቸውም ይህ ሥራ በመንደሩ ሙስሊም ሁሉ ላይ ያለ ግዴታ እንደሆነ፣ አንድ ሰው ከሠራው ከሌላው እንደሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም እንደሚጠየቅበት አስረዷቸው። ሉጥፊያ ሁሉንም በቃላቸው ያዙ። እጃቸውን ግን ከየትኛዋም ሟች ላይ አላሳረፉም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ሐርቡ ተምረዋል። በ1983 ዓ.ም. የልብስ ሰፊውን የአቶ ኢክሪማ ሙሄን የትዳር ጥያቄ ተቀብለው ጎጆ ወጡ። በ1985 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ሬሕማን ወለዱ። ኑሮ ሲከብድ በ1990 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ልጃቸውን አቅፈው በመተማ በኩል ካርቱም ገቡ። አርካዊት በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራዩ። አቶ ኢክሪማ ጀሪፍ ገበያ ውስጥ መኪናቸውን ተክለው ስፌት ጀመሩ። ወይዘሮ ሉጥፊያም እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በአንድ ነጋዴ ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ። ወንድ ልጃቸው ኦመር በ1993 ዓ.ም. እዚሁ ካርቱም ተወለደ። ይህን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። አማርኛውን ያስተማሩት እናቱ ናቸውና፣ የጎደለው ነገር ካለ ከእሱ እንጂ ከእሳቸው አይደለም።

ቀጥሎ የሚነበበውን ወይዘሮ ሉጥፊያ ራሳቸው ለብዙ ሴቶች ተናግረውታል። በሞቱ ጊዜም ተሸፍኖ እንዳይቀር አደራ ብለዋል።

በ1995 ዓ.ም. እሳቸው ከሚሠሩበት ሁለት በር አልፎ ባለ ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ በድንገተኛ ሕመም ሞተች። ስሟ አብራር ይባላል። ወይዘሮ ሉጥፊያ ዓመት ሙሉ በአንድ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አብረዋት ቆመዋል፤ ስሟንም፣ የአባቷንም ስም፣ የመጣችበትንም ቀበሌ ያውቁ ነበር። በዚያ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ የሰፈሩን ሴት ጀናዛ የሚያጥቡ ሐቡባ አሚና፣ አያት አሚና እንደማለት ነው፣ የሚባሉ ሱዳናዊት አሮጊት የነጋዴውን ቤት የብረት በር አንኳኩ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ታስረው ነበር። የሐርቡዋ ሼህ ልጅ ትጥበት ታውቃለች መባሉን ሰምተው ነው የመጡት።

ወይዘሮ ሉጥፊያ በሩን ገርበብ አድርገው ምክንያት ደረደሩ። የቤቱ እመቤት እንግዳ ጠርታለች፤ ፈቃድ አትሰጥም። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ቀኑ አልፎበታል፤ መንገድ ላይ ከሻ ካጋጠማቸው፣ ማለትም ፖሊስ አፈሳ ላይ ከሆነ፣ ልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። የቃል እንጂ የእጅ ትምህርት የላቸውም። ከእሳቸው የተሻለች ሴት አትጠፋም። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነበር። ሐቡባ አሚና ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እሺ ቢንቲ፣ እሺ ልጄ፣ ቅሪ። ግን ስሟን ንገሪኝ፤ አሠሪዎቿ አያውቁትም። ሐበሺያ እያልኩ ነው እንዴ የማጥባት?»

ስሟን ከተናገሩ ትውውቃቸው ይታወቃል፤ ትውውቃቸው ከታወቀ ደግሞ መሄዳቸው አይቀርም። ወይዘሮ ሉጥፊያ «አላውቃትም» አሉና በሩን ዘጉ።

አብራር በዚያው ቀን ተቀበረች። በራስጌዋ በቆመችው እንጨት ላይ «ሐበሺያ» ተብሎ በከሰል ተጻፈ። ክረምቱም መጥቶ ከሰሉን አጠበው።

ከሰባት ወር በኋላ ቢልልኝ የሚባል ወንድሟ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ካርቱም ገባ፤ በቀን ሥራም ላይ ተሰማርቶ ነበር። እህቱን ሲያፈላልግ ሰዎች ወደ ወይዘሮ ሉጥፊያ ላኩት። አብረውት መቃብር ድረስ ሄዱ። ከግንቡ ሥር፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ የአፈር ጉብታዎች ተደርድረው ነበር። ዘበኛው በዚያኛው ረድፍ ይሆናል አለ፤ ቆይቶም በዚህኛው ይመስለኛል አለ። ልጁ ለየትኛው ጉብታ እንደሚቆም ጠፋው። መጨረሻ ላይ መሀል ቆሞ፣ ፊቱን እያዟዟረ ለሁሉም ፋቲሃ ቀራ። ከዚያም ወደ ወይዘሮ ሉጥፊያ ዞሮ፣

«ሲያጥቧት ከሀገሯ ሰው ማን ነበር?» አላቸው።

«ማንም» አሉ። ጠርተውኝ ቀረሁ ለማለት አፋቸው አልታዘዘላቸውም።

ጥሪው ከአላህ ለእሳቸው እንደነበረ ያወቁት በዚያ ሰዓት ነው። ሐቡባ አሚና እግራቸው ያመጣቸው መልእክተኛ ብቻ ነበሩ። እናታቸው እየፈተሉ፣ አባታቸው እያስተማሩ ያስያዟቸው ዕውቀት ለምን እንደተሰጣቸው ገባቸው። ይሁን እንጂ ማወቅና መነሳት ለየቅል ሆኑባቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ሲፈሩ ኖሩ። ኢቃማው ታደሰ፤ የቤቱ እመቤትም ከፈለጉ ፈቃድ እንደማትከለክላቸው ነገረቻቸው። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ ፍርሃቱ ብቻውን ቀረ። በየሶላታቸው አላህን ሌላ ሴት እንዲያስነሳ ይለምኑት ነበር። ሐቡባ አሚና በሰው በላኩባቸው ቁጥር ግን ራስ ምታት ያማቸዋል። ሕመሙ የእውነት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ሐቡባ አሚና አልጋ ላይ ዋሉ። በዚያው ሳምንት ጀሪፍ ውስጥ ኑሪያ የምትባል ወጣት በወሊድ ሞተች። ባሏ ወደ አቶ ኢክሪማ ሱቅ እየሮጠ መጣ። አቶ ኢክሪማ ነጭ ጨርቅ በአምስት ቀደዱ፣ ከሽቶና ቅጠል ሻጩ የማጠቢያውን የሲድር ቅጠልና ካፉር ገዙ፣ ወደ አል-ጣኢፍ ሄደው ባለቤታቸውን በር ላይ አስጠሩ። በወሊድ መሞቷን ሲነግሯቸው ወይዘሮ ሉጥፊያ ፊታቸው አመድ መሰለ። እንደማይችሉ፣ ከሁሉ ሞት ይህኛውን እንደማይችሉ ነገሯቸው። አቶ ኢክሪማ አልተቆጡም።

«እኔ በር ላይ እቆማለሁ፤ ከወደቅሽ አነሳሻለሁ» አሏቸው። «ፍሪ። እኔ አትፍሪ አልልሽም። ሁለት ዓመት መቅረትሽን ግን አይቼዋለሁ፤ ከመፍራቱ ይብስሻል።»

ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ክፍል ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ማራገቢያው ቆሟል። ወይዘሮ ሉጥፊያ ገብተው የተሸፈነውን ገላ አዩና ወጡ። ዳግመኛ ገብተው እስከ ሳንቃው ደረሱና አሁንም ወጡ። ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ያያቸዋል። ፀሐይዋ እየበረታች ነው፤ ጀናዛ አይቆይም። ባልየው የተወለደችውን ሕፃን ታቅፎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አቶ ኢክሪማ ለበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመሩ። ባለቤታቸው ውስጥ ሆነው እንዲሰሟቸው ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ውሃ ለምታቀብለው የሟች ዘመድ የሟቿን ስም ጠየቋት። የአባቷን ስም ጠየቋት። ከየት እንደመጣች ጠየቋት። ከዚያ ወደ ሳንቃው ጎንበስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ኑሪያ፣ ሉጥፊያ ነኝ። የሐርቡ ልጅ ነኝ። አሁን ከቀኝ እጅሽ እጀምራለሁ።»

እንዳሉትም ከቀኝ ጀምረው አጠቡ። መካከል ላይ ክንዷ ሲንሸራተት በሁለት እጃቸው ያዙት። አልሮጡም። ጨርሰው ሲወጡ ቀሚሳቸው በላብ ርሶ ነበር፤ በሩ ሥር ተቀመጡ። አቶ ኢክሪማ ከረክሻው ውሃ አምጥተው ሰጧቸው።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለአሥራ ስምንት ዓመት በአርካዊት፣ በአል-ጣኢፍና በጀሪፍ ከሀገሯ ወጥታ የሞተች ሙስሊም ሴት ያለ ስሟ እንዳትቀበር ደክመዋል። አስቀድመው ስሟን ሳይጠይቁ ገላዋን አይነኩም ነበር። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ መንደሯንና የተቀበረችበትን ቦታ በደብተር ይጽፋሉ። ከዚያ ለወላጆቿ ራሳቸው ደውለው መርዶውን ያረዳሉ፤ ከሁሉ ሥራቸው የሚከብዳቸውም ይህ ነበር። ከመደወላቸው በፊት ግቢውን ሦስት አራት ጊዜ ይዞሩት ነበር። አምስት ሴቶችን ትጥበት አስተምረዋል። ለእያንዳንዷም በመጀመሪያው ቀን የአብራርን ታሪክ ሳይደብቁ ነግረዋታል። ፍርሃታቸው ግን አልለቀቃቸውም። እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አያድሩም ነበር፤ ልጆቻቸውም በዚህ ይስቁባቸው ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ፈነዳ። የረመዳን መጨረሻ ነበር። በግንቦት ወር ሬሕማና ኦመር የሬሕማን ልጆች ይዘው በገዳሪፍ በኩል ወጡ። ወይዘሮ ሉጥፊያና አቶ ኢክሪማ ቤቱን ዘግተው ሊከተሏቸው ተስማሙ። ሰኔ 9 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምጃድ የምትባለው ትንሽ መኪና በር ላይ ቆመች። ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ተሳፍረዋል። ሻንጣው ተጭኗል። ወይዘሮ ሉጥፊያ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ስልካቸው ጠራ።

የደወለችው ዝናሽ የምትባል የጎጃም ልጅ ናት። ጀሪፍ ውስጥ ከውሰር ከምትባል የከሚሴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖር ነበር። ከውሰር የስኳር መድኃኒቷ አልቆባት ማለዳ ላይ አርፋለች። ዝናሽ ክርስቲያን በመሆኗ ምን እንደሚደረግ አታውቅም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቷል፤ ሙቀቱም እየጨመረ ነው። ስልኩ ከመቋረጡ በፊት ያለችው ይህን ነበር፦ «እማማ ሉጥፊያ፣ ምን ላድርጋት? እኔ ከጎኗ ቁጭ ብያለሁ።»

ሾፌሩ ያላ ያላ ይላል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሃይማኖት የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ በእንዲህ ያለ አደጋ ጊዜ ሳይታጠቡ መቅበር እንደሚቻል፣ ማንም እንደማይጠይቃቸው አስረዳቸው። ልክ ነበር። በዕድሜያቸው ሁሉ እንደዚያ ያለ ሙሉ ምክንያት አግኝተው አያውቁም፤ ሃይማኖቱም ጭምር ይፈቅድላቸዋል። ወይዘሮ ሉጥፊያ እግራቸውን ከመኪናው ላይ አወረዱ። «ልጅቱ ጠርታኛለች» አሉ። አቶ ኢክሪማ ሻንጣውን አወረዱ። መኪናዋ ሄደች፤ በሰላምም ገዳሪፍ ደረሰች። ልጆቻቸው ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው አንድ ሳምንት ሙሉ አልደወሉላቸውም። ኦመር ይህን እዚህ መጻፍ ያስፈለገው እናቱ እውነቱ ይነገር ስላሉ ነው።

በመንገዱ ላይ የታጠቁ ሰዎች ኬላ ነበር። ወንድ እያወረዱ ይወስዱ ስለነበር ወይዘሮ ሉጥፊያ ባለቤታቸውን ከግንብ ጀርባ አስቀርተው ብቻቸውን ቀጠሉ። አንድ ወጣት መሣሪያውን ደግኖ አስቆማቸው። ቦርሳቸውን አስፈታቸው። ለመከፈኛ የያዙትን ነጭ ጨርቅ ወርቅ ተሸሽጎበታል ብሎ በጩቤ እየቀደደ ፈተሸው። ካፉሩን አሸትቶ መርዝ ነው አለ። ለማን እንደሚወስዱት ሲጠይቃቸው በዐረብኛ የሟቿን ስም ከነአባቷ ነገሩት። ፀሐይ ላይ አስቁሟቸው ከጓደኛው ጋር ተነጋገረ። ሰዓት አለፈ። ሩቅ ሆነው የሚያዩት አቶ ኢክሪማ እንደተናገሩት፣ ባለቤታቸው ከሩቅ ሲታዩ እንኳ ይንቀጠቀጡ ነበር። ወጣቱ ተመልሶ መጣና ጨርቁን አፈር ላይ ወረወረው። ሂጂም ቁሚም አላለም።

ወይዘሮ ሉጥፊያ ጎንበስ ብለው ጨርቁን ሰበሰቡ፣ አቧራውን አራገፉ፣ አጠፉት፣ በብብታቸው ይዘው መራመድ ጀመሩ። ከኋላቸው የመሣሪያው ቃታ ሲሳብ ሰሙ። እግራቸውን ሳያፈጥኑ ሄዱ። በኋላ ሲናገሩ፣ በዚያች መንገድ ላይ የኑሪያን፣ የእናታቸውንና የአብራርን ስም እየጠሩ እንደተራመዱ፣ የመንገዱንም መጨረሻ እንደማያስታውሱት ይናገሩ ነበር። ተኩስ አልተተኮሰም።

በቤቱ ቧንቧው ደርቋል። ዝናሽ ያላት ግማሽ ጀሪካን የመጠጥ ውሃ ብቻ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳለ ያንን ውሃ ሳትነካው ቆይታለች። ጀሪካኑን አምጥታ ፊታቸው አኖረች። ወይዘሮ ሉጥፊያ መጀመሪያ በኩባያ ቀድተው እሷን አጠጧት። በቀረው ከውሰርን አንድ ጊዜ አጠቧት፤ አንድ ጊዜም ይበቃል። የተቀደደውን ጨርቅ እየደራረቡ ከፈኗት። ከሰዓት በኋላ አቶ ኢክሪማ በጓሮ ግንብ እየተንጠላጠሉ ደረሱ። ሦስቱ ሆነው ግቢው ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር ቆፈሩ። ወይዘሮ ሉጥፊያ በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በምስማር ጽፈው ራስጌዋ ተከሉ፦ ከውሰር ሰይድ፣ ከሚሴ።

ከዚያ ወዲያ ስለመሄድ አልተነጋገሩም። ጦርነቱ ከከተማዋ እስኪወጣ ድረስ ወይዘሮ ሉጥፊያ በየግቢውና በየሜዳው ሃያ ሰባት ሴቶችን አጥበው ቀብረዋል። አቶ ኢክሪማም ለወንዶቹ ይህንኑ አድርገዋል። በ2017 ዓ.ም. በየግቢው የተቀበሩት ወደ መቃብር ሲዛወሩ፣ የሌላው ሰፈር ሰው ማን የት እንዳለ እየጠፋው ሲላቀስ፣ ወይዘሮ ሉጥፊያ ደብተራቸውን ይዘው ከቤት ቤት እየዞሩ አንድ በአንድ አሳዩ። አንዲትም ያለ ስም አልተዛወረችም። ኦመር በዚያ ጊዜ ከእህቱ ጋር ተመልሶ መጥቶ ደብተሩን ያነብላቸው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና።

ወይዘሮ ሉጥፊያ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በከተማው በተዛመተው ትኩሳት ታመሙ። ትኩሳቱ ቢበርድም ኩላሊታቸውን ጎድቶት ስለነበር፣ ሐኪሞች ቢደክሙላቸውም ሊድኑ አልቻሉም። በሕመማቸው ጊዜ ሞትን እንደሚፈሩ አልሸሸጉም፤ ሬሕማ እጃቸውን እንድትይዝ ይጠይቋት ነበር። ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ከዐሥር ሶላት በፊት፣ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ወደ ፈጣሪያቸው ተመልሰዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ምሥራቅ ካርቱም በሚገኘው መቃብር፣ እሳቸው ራሳቸው ባጠቧቸው ሴቶች ረድፍ ተፈጽሟል።

ወይዘሮ ሉጥፊያ ከባለቤታቸው ከአቶ ኢክሪማ ሙሄ ጋር በነበራቸው የሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን አይተዋል። በወሎ ሁለት እህቶቻቸው በሕይወት አሉ። ዝናሽም ከሰኔ 2015 ጀምሮ ከቤታቸው ሳትለይ ኖራለች፤ ቤተሰቡ እንደ ልጃቸው ይቆጥራታል፣ ለቅሶውንም ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጣለች።

አላህ ሆይ፣ ባሪያህ ሉጥፊያ ስትጠራት ዘገየች፤ ዘግይታም መጣች። መዘግየቷን ማርላት፣ መምጣቷን ተቀበላት። በቀብሯ ብቻዋን አታድርጋት፣ ጨለማውንም አብራላት። በስማቸው የጠራቻቸውን ሴቶች ሁሉ ከእሷ ጋር በጀነት ሰብስብልን፤ መቃብሯ ላልታወቀው ለአብራርም እዘንላት። አሚን።

ቤተሰቡ በኀዘኑ ያልተለዩትን ሁሉ እያመሰገነ አንድ ነገር ያሳውቃል። የወይዘሮ ሉጥፊያ ስልክ አልተዘጋም። ከሀገሯ ወጥታ የሞተች፣ የሚያጥባት ያጣች ሴት ካለች በዚያው ቁጥር ይደወል፤ ሬሕማ ታነሳለች። ሬሕማም ትፈራለች፤ ቢሆንም ትመጣለች። ስትደውሉ የሟቿን ስም አስቀድማችሁ ንገሯት።